ለፋብሪካ የከለከልነውን ለሮለር ማን ፈቀደ?

ነገሩ ወዲህ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እንደ ማንኛውም የሐዋሳ ወጣት ፀሐይዋ በረድ ስትል ወደ ሐይቁ ወርደናል። አራት ነን። መሐላችን አንድ ሰሃን ዓሣና ዳጣ አለ። ወሬያችን እንደተለመደው የቤት ኪራይና የእንግሊዝ እግር ኳስ ነው። ከኛ መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ አንድ ሲኖትራክ የኋላ ጎማዎቹን ሐይቁ ውስጥ ነክሮ ቆሟል። ከጎኑ አንዲት ትንሽ የአስፋልት ሮለር አለች። ሁለት ልጆች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ያጥቧታል። ትልቁ አስራ ስምንት ዓመት ቢሞላው ነው። በጂሪካን የያዙት ውሃ መስሎን ነበር፤ ነፋሱ ዞር ሲል ሽታው ነገረን። ናፍጣ ነው።

ጨርቁን ናፍጣ ውስጥ ይነክራሉ፣ የሮለሯ ከበሮ ላይ የደረቀውን ሬንጅ ያሹታል፣ ከዚያ በባልዲ ውሃ ይለቁበታል። ጥቁሩ ነገር በአሸዋው ላይ እየተንኳለለ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ተዘረጋ። ከሩቅ ላየው ያምራል። አንድ አባ ኮዳ እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገቱን ቀብሮ ትዕይንቱን ይመለከታል።

አንዳችን ተነሥቶ ሄደና ልጁን ጠየቀው። «ወንድሜ፣ ካምፕ ውስጥ ማጠቢያ የላችሁም?»

ልጁ ሳቀ። «ካምፕ ውሃ በቦቴ ነው የሚመጣው። አለቃ ውሃ አታባክኑ ይላል። እዚህ ነፃ ነው።»

እዚህ ነፃ ነው! ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በዚህች ሦስት ቃል ምክንያት ነው። የድርጅቱን ስም አንጽፍም። ስሙን ብንጽፍ ነገሩ የአንድ ድርጅት ጥፋት ይመስላል፣ ሌሎቹም «እኛ አይደለንም» ብለው ይተኛሉ። ደግሞም ልጁ እውነቱን ነው። ሐይቁ ላይ ማጠብ ለአለቃው በእርግጥ ነፃ ነው። ሒሳቡ የሚመጣው ለሌላ ሰው ነው።

ሐይቁ በር የለውም

ብዙዎቻችን ሐይቁን ከፎቶ ጀርባነት ያለፈ ጉዳይ አድርገን አስበነው አናውቅም። እስኪ ሁለት ደቂቃ እናስበው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጥልቀቱ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ ከ20 ሜትር ትንሽ ነው የሚያልፈው። ዓመቱን ሙሉ ሳይደርቅ የሚገባበት ዋነኛ ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። የሚወጣበት ወንዝስ? የለም። ጣና ዓባይ አለው። ዝዋይ ቡልቡላ አለው። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ሁሉ ነገር የሚገባበት፣ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የሌለው ገበቴ ነው። ውሃው የሚቀንሰው በአብዛኛው ፀሐይ እያተነነችው ነው።

ልብ በሉ፤ ፀሐይ የምትወስደው ውሃውን ብቻ ነው። እርሳሱን፣ ዚንኩን፣ ከባዱን ዘይት፣ የሲሚንቶውን ጭቃ ትታው ነው የምትሄደው። ድስት ክዳኑን ከፍተው ሲያንተከትኩት ውሃው እየተነነ ጨው ብቻውን እንደሚቀር ማለት ነው። ስለዚህ «ሐይቁ ትልቅ ነው፣ ራሱን ያጠራል» የሚለው ወግ ፈሳሽ ወንዝ ዳር ላደገ ሰው ሊሆን ይችላል። ለኛ አይሠራም።

በዚህ ላይ ከተማችን የቆመችው በጥንት እሳተ ገሞራ አመድና በፑሚስ ላይ ነው። አፈሩ ውሃ ይጠጣል። ማሽኑን ከሐይቁ ርቆ ባዶ ሜዳ ላይ ያጠበ ሰው «እኔ ሐይቅ አልነካሁም» ሊል አይችልም። ዛሬ መሬቱ የጠጣውን ነገ ጉድጓዱ ይተፋዋል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጎርፉ ላይ ላዩን ያለውን ጠራርጎ በየቦዩ ወደ ሐይቁ ያወርደዋል።

ጨለለቃን የሚያስታውስ አለ? ከጥቁር ውሃ በላይ የነበረ ሐይቅ ነው። ከጥቂት አስርት ዓመታት በፊት ስሙ ሐይቅ ነበር፣ ዛሬ ረግረግ ነው። ጨለለቃን ያጠፋው የማሽን እጣቢ ነው አላልንም። «ሐይቅ የትም አይሄድም» ለሚለን ሰው ግን መልሳችን ከከተማችን አጠገብ ነው ያለው። አይበቃም ካለም ምሥራቅ ሄዶ በ1990ዎቹ የደረቀውን የሐረማያን ሐይቅ ታሪክ ይጠይቅ። ሐረማያ ከዓመታት በኋላ ውሃ ማየት ጀምሯል፤ በመሐል ያለፈውን ጥም ግን የአካባቢው ሰው ነው የሚያውቀው።

ናፍጣው ምን ያደርጋል?

ሬንጅና ናፍጣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም የድፍድፍ ነዳጅ ውጤት ናቸው። ለዚህ ነው ናፍጣ ሬንጅን የሚያሟሟው፤ ለዚህም ነው በየመንገድ ሥራው አካፋውም፣ ሮለሩም፣ የሲኖትራኩ ሳጥንም፣ የሬንጅ መርጫው አፍንጫም በናፍጣ የሚታጠበው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሁሌም በእጅ አለ።

አሁን ደግሞ አስቂኙን ክፍል ስሙ። አስፋልቱን አንድ ላይ አጣብቆ የያዘው ያው ሬንጅ ነው። ትኩሱ አስፋልት እንዳይጣበቅ ተብሎ የመኪናው ሳጥን ላይ ናፍጣ ሲረጭ፣ ያ ናፍጣ ከአስፋልቱ ጋር አብሮ መንገዱ ላይ ይፈስሳል፤ መንገዱ ላይም ሬንጁን ማሟሟቱን ይቀጥላል። ናፍጣ የነካው ቦታ ይላላል፣ ጠጠሩ ይለቃል፣ መጨረሻው ጉድጓድ ነው። ስለዚህ በብዙ አገሮች የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ናፍጣን ለዚህ ሥራ ከከለከሉ ቆይተዋል። ከዓሣው በፊት ስለ መንገዱ አስበው ነው የከለከሉት! ለሐይቁ ግድ የሌለው ኢንጂነር እንኳ ለገዛ አስፋልቱ ሊያዝን ይገባው ነበር።

ቀጥሎ የተቃጠለ ዘይት አለ። ግሬደርና ዶዘር ዘይት ሲቀይሩ የሚወጣው ጥቁር ነገር አዲስ ዘይት ብቻ አይደለም፣ ሞተሩ ውስጥ የተፋቀ ብረት አለበት፣ ከካንሰር ጋር የሚያያዙ ንጥረ ነገሮችም አሉበት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከአንድ የዘይት ቅየራ የሚወጣ የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊያበላሽ ይችላል ይላል። ያ የአንዲት የቤት መኪና ዘይት ነው። የግሬደሩን እናንተ አስሉት።

ሦስተኛው ሲሚንቶ ነው። ሚክሰር ሲታጠብ የሚወጣው ግራጫ ውሃ ንጹሕ ጭቃ ይመስላል። በኬሚስትሪ ክፍል ያስተማሩንን እናስታውስ፦ የንጹሕ ውሃ ፒኤች 7 ነው፣ የሚክሰር እጣቢ 12 አካባቢ ይደርሳል። እያንዳንዷ ቁጥር ደግሞ አስር እጥፍ ናት። ከ9 ሲያልፍ ለአብዛኛው ዓሣ መከራ ይጀምራል። በዳጣ የምንበላው ቆሮሶ እንቁላሉን የሚጥለው ጥልቁ ላይ አይደለም፤ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ነው። ማለትም እኛ ማሽን በምናጥብበት ቦታ።

አራተኛው ሰው ነው። ያ ልጅ ጓንት የለውም፣ ቦት ጫማ የለውም። ናፍጣ ቆዳን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል፣ ያቆስላል። ስለ ሐይቁ ስንጮህ ልጁን ከረሳነው ጩኸታችን ግማሽ ነው።

«ሕግ የለም» የሚለን ማን ነው?

ሕግ ሞልቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን መብት አድርጎታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ በካይ ያጸዳ፣ ወጪውንም ይሸፍን የሚል ነው። እዚያው አዋጅ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት አንቀጽ 11 አለች። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ እኔን ነካኝ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ትላለች። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እንዲህ ያለ መብት ለተራ ዜጋ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። ሕግ አውጪዎቻችን ሰጥተውን እኛ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈንበታል።

ከሕጉ በላይ ግን የሚያበሳጨን ሌላ ነገር አለ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ትልቁ መኩሪያው ምን ነበር? ከፋብሪካዎቹ የሚወጣውን ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ ጥቅም ላይ የሚያውል፣ ጠብታ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተብሎ የተነደፈ ማጣሪያ። ቴክኖሎጂው «ዜሮ ሊኩዊድ ዲስቻርጅ» ይባላል። ብዙ ገንዘብ ወጣበት። ለምን? ሐይቁ በር እንደሌለው መንግሥት ስለሚያውቅ። ሸሚዝ ለሚሰፋ ፋብሪካ «ጠብታ አትልቀቅ» ያለ አገር፣ ከዚያው ከተማ ግሬደርና ሮለር በናፍጣ ሐይቁ ዳር ሲታጠቡ ዝም ካለ፣ ሕጉ የሚመለከተው አጥር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው ማለት ነው? አጥር የሌለው ሁሉ ነፃ ነው?

አንድ እንጨምር። ከሞጆ ተነሥቶ ሐዋሳ ለመግባት የታቀደው፣ ርዝመቱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የፍጥነት መንገድ በአፍሪካ ልማት ባንክ፣ በዓለም ባንክ፣ በኮሪያና በቻይና ብድር የተያዘ ፕሮጀክት ነው። እንደ ዓለም ባንክና እንደ አፍሪካ ልማት ባንክ ያሉ አበዳሪዎች የአካባቢና የማኅበራዊ ጉዳይ ዕቅድ ሳይቀርብላቸው ገንዘብ አይለቁም። የማሽን ማጠቢያው የት እንደሚሆን፣ የተቃጠለ ዘይት የት እንደሚከማች በዕቅዱ መጻፍ አለበት። እንግዲህ አበዳሪ ሲጠይቅ የሚጻፍ ነገር፣ የከተማው ነዋሪ በገዛ ግብሩ ለሚያሠራው የውስጥ መንገድ ሲሆን ለምን ይረሳል? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማት ሐዋሳም ደርሷል። ማሽኑ በዝቷል፣ ሥራው ሌሊትም አይቆምም። ማሽን በበዛ ቁጥር እጣቢውም ይበዛል። ሐይቁ ዳር አበባ ተክሎ፣ የአበባውን መንገድ የሠራውን ማሽን ሐይቁ ውስጥ ማጠብ ምን ይባላል?

የምንሰማቸው ሰበቦች

ሰበብ አንድ፦ «ትልቁ በካይ ሌላ ነው።» ፋብሪካውን ስትጠይቁት ሆቴሉን ያሳያችኋል። ሆቴሉ የሆስፒታሉን ፍሳሽ ያሳያችኋል። ሁሉም ተያይዘው ገበሬውን ከነማዳበሪያው ያሳዩዋችኋል። ሐይቁ ግን ሁሉንም በአንድነት ይጠጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ለበጎ ብቻ ይመስለን ነበር።

ሰበብ ሁለት፦ «ልማት ይቀድማል፣ ሥራ አታጓትቱ።» እኛ መንገድ እንወዳለን። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ የጠገበ ሰፈር ውስጥ ነው ያደግነው። ነገር ግን በሚሊዮኖች ብር ግሬደር የሚገዛ ድርጅት ጥቂት ኩንታል ሲሚንቶ አፍስሶ ማጠቢያ መደብ መሥራት አቃተኝ ሲል ማመን ይከብደናል።

ሰበብ ሦስት፦ «የልጆቹ እንጀራ ነው።» ይህን በቁም ነገር እንወስደዋለን። ሐይቁ ዳር ባጃጅና ማሽን አጥበው የሚያድሩ ልጆች የኛው እኩዮች ናቸው። አንዳንዴ ደንብ አስከባሪ ይመጣና ጂሪካናቸውን ይነጥቃል፣ ያባርራቸዋል፣ ሥራ ተሠራ ይባላል። ማሽኑን የላከው አለቃ ግን አይጠየቅም። እንዲህ ያለውን «አካባቢ ጥበቃ» አንፈልግም። ልጁ በትክክለኛ ላቫጆ ውስጥ፣ ቦት ጫማና ጓንት አድርጎ ያንኑ ሥራ ቢሠራ እንጀራው የት ይሄዳል? ይልቅስ ይሻሻልለታል።

ሰበብ አራት፦ «እናንተስ?» እውነት ነው። ከአራታችን አንዱ ሞተር ሳይክሉን ባለፈው ዓመት እዚያው ሐይቅ ዳር በሠላሳ ብር አሳጥቧል። ይህን ጽሑፍ ስንጽፍ ራሱ ተናግሮ ራሱ አፍሯል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኼ ነው። ያፈረ ሰው ግን ዝም ማለት የለበትም።

ምን ይደረግ? (ሮኬት አይደለም)

አንደኛ፣ ከማጠብ በፊት መፋቅ። ሬንጅ ገና ሙቅ ሳለ በመፋቂያ ይነሣል፣ የተነሣውም ተመልሶ ወደ ድብልቁ ይገባል ወይም በበርሜል ይቀመጣል። ደረቁን ያነሣ ሰው የሚያጥበው ግማሹን ነው።

ሁለተኛ፣ ለአካፋ፣ ለሮለርና ለመኪና ሳጥን ናፍጣን መተው። የሳሙና ውሃ አለ፣ ለዚሁ ተብለው ከአትክልት ዘይት የሚሠሩ ማላቀቂያዎችም አሉ። የሬንጅ መርጫው ቱቦ ግን ያለ ማሟሟቻ አይጸዳም እንበል። እሺ፣ ያጠበበት ናፍጣ በበርሜል ይጠራቀም፤ ነገም ለዚያው ሥራ ያገለግላል። መሬት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ የፈሰሰ ብር ነው፣ በዛሬው የነዳጅ ዋጋ ይህን ለማስረዳት አንደክምም።

ሦስተኛ፣ ማጠቢያ መደብ። ከሐይቁና ከቦይ የራቀ፣ ወለሉ ኮንክሪት የሆነ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ቦታ። እጣቢው መጀመሪያ ጭቃ ማስቀሪያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ዘይት መለያ ክፍሎች ውስጥ ያልፋል። አሠራሩን ለመረዳት ዲግሪ አይጠይቅም፦ ወጥ ሲሰክን ዘይቱ ላይ እንደሚቆም እናቶቻችን ያውቁታል። መውጫ ቱቦው ከሥር ከተነሣ ውሃው ይወጣል፣ ዘይቱ ላይ ይቀራል። የወጣውን ውሃ ደግሞ ማሽን መልሰው ያጥቡበት። ያኔ በቦቴ የመጣው ውሃም አይባክንም፣ አለቃም አይቆጣም።

አራተኛ፣ ለሚክሰር ለብቻው ላስቲክ የተነጠፈበት ጉድጓድ። አሸዋው ይዘቅጣል፣ ውሃው ለሚቀጥለው ድብልቅ ይሆናል፣ የደረቀው ኮንክሪት ተሰብሮ ለመሙያ ይውላል።

አምስተኛ፣ በሥራ ላይ ጥንቃቄ። ዘይት የሚያንጠባጥብ ማሽን ሥሩ ትሪ ይደረግለት፣ ጎማው ሳይሆን ቱቦው ይጠገን። ነዳጅ ከቦይ ርቆ ይሞላ። ኦፕሬተሩ ምሳ ሲበላ ሞተሩ ይጥፋ። የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ተከድኖ ይቀመጥና ለሚረከብ ይሰጥ፤ አቧራ ማስተኛ እየተባለ መንገድ ላይ አይረጭ።

ይህ ሁሉ ግን በምክር አይሆንም። ሥራ ተቋራጭ የሚሠራው የሚከፈልበትን ነው። ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ጨረታ ሲያወጣ ማጠቢያ መደቡን በዋጋ ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር አድርጎ ይጻፈው። አማካሪ መሐንዲሱ የአስፋልቱን ውፍረት እንደሚለካ ሁሉ ማጠቢያውንም አይቶ ይፈርም። ካምፑ ሲነሣ ዘይት የጠጣው አፈር ካልተነሣ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ናቸው። ሦስቱንም በአንድ ስብሰባ መወሰን ይቻላል።

እኛስ? ስልካችን የሐይቁን ጀንበር መግቢያ እያነሣ ሞልቷል። አንዷን ቦታ ለዚህ እናውጣላት። ማሽን ሐይቅ ዳር ሲታጠብ ስታዩ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ፣ የልጆቹን ፊት ሳይሆን የማሽኑን ጎንና ሰሌዳ አንሡ፣ በጽሑፍ አቤት በሉ፣ የገቢ ቁጥር ተቀበሉ፣ 30 ቀን ቁጠሩ። እኛ የዚያን ቅዳሜውን ጽፈን ልናስገባ ተስማምተናል።

ያን ዕለት ለመሄድ ስንነሣ ልጆቹ ሮለሯን ሲኖትራኩ ላይ ጭነው ጨርሰው ነበር። ታጥባ ታብረቀርቃለች። ጀልባ ላይ ያለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ቀስተ ደመናዋ ላይ ደርሶ በመቅዘፊያው ውሃውን ገፋ አደረገና መረቡን ጥቂት ራቅ አድርጎ ጣለ። አንድም ቃል አልተናገረም። «እዚህ ነፃ ነው» ለተባለው ነገር የሚከፍለው እሱ ነው፣ ነገ ደግሞ ሰሃናችን ላይ እኛ።